ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን

እሁድ ቤት ከመዋል ደብረ ሊባኖስ ሂዱ፣ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱሉልታን ጫንጮን ሙከጡሪን አልፋችሁ ፍቼ ሳትደርሱ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። መጀመሪያ ግን እዛ አካባቢ ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፣ ይሄን እንዳትዘሉት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ረፈድ ካለ የእንጦጦ ዳገት በከባድ መኪና ይያዛል። ጃኬት ያዙ፣ ሱሉልታ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሴቶች ቀሚስና ነጠላ፣ ቤተክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ይወልቃል።

ገዳሙን አቡነ ተክለሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው የመሰረቱት። ግንቦት 1929 ዓ.ም ጣልያን እዚህ መነኮሳቱን እንደጨፈጨፈ አስታውሱ፣ እኔ እዛ ግቢ ስቆም ሁሌም ድምፄን ዝቅ አረጋለሁ፣ እናንተም ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

ከዛ ወደ ዋናው መንገድ ስትመለሱ፣ ፖርቹጋል ድልድይ ወደሚባለው የድሮ የድንጋይ ድልድይ በእግር ውረዱ። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ታገኛላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ሳሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይዋ ነገር ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሳር ሲነጭ ድምፁ ራሱ ይሰማል በቃ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ! ሙዝም ዳቦም እንዳትሰጡት በናታችሁ፣ ከለመደ ሰው ላይ ይመጣል። በክረምት ድንጋዩ ያንሸራትታልና የሚይዝ ጫማ አድርጉ።

9 ሰዓት ሲሆን ተነሱ፣ ሳይመሽ ከተማ ግቡ።