ቦዶንና ሞንጎልኛን እንዴት እናወዳድር?

ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ የመጡ ዘመዳሞች መሆናቸውን ስትፈትሹ ከቃላት ቅደም ተከተል አትጀምሩ። ሁለቱም ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አማርኛም እንደዚያው፣ ግን ዘመዳቸው አይደለም።

መጀመሪያ 100 ያህል መሠረታዊ ቃላት (ተውላጠ ስም፣ ቁጥር፣ የአካል ክፍል) ጎን ለጎን ጻፉ። በሕንድ አሳም የሚነገረው ቦዶ «እኔ»ን አንግ፣ «ሦስት»ን ታም ይላል፤ ሞንጎልኛ ደግሞ ቢ እና ጉራቭ። ቀጥሎ የቦዶን ጎረቤት ቋንቋዎች ዓምድ ጨምሩ፦ «ሦስት» በጋሮ ጊታም፣ በቲቤትኛ ሱም ነው። ቦዶ የሲኖ-ቲቤታን (ቻይንኛንና ቲቤትኛን የያዘው) የቋንቋ ቤተሰብ አባል መሆኑ መታየት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቃል ስለተመሳሰለ ብቻ አትቁጠሩት፤ ያው የድምፅ ልውውጥ (እንደ ታም እና ሱም፣ የአንዱ «ት» በሌላው «ስ» መሆኑ) በሌሎች ቃላትም መደጋገም አለበት።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የውሰት ቃል ነው። ሞንጎልኛ ሰኞን ዳቫ የሚለው ከቲቤትኛ ወስዶ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከዝርዝሩ ሰርዙ። ድምፁንም አዳምጡ፦ ቦዶ በቃና ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ ሞንጎልኛ ቃና የለውም፣ በአንድ ቃል ውስጥ ግን አናባቢዎቹን ያስማማል፤ ማለትም አብረው የሚገቡት አናባቢዎች ከአንድ ወገን ይሆናሉ።