ርካሽ የዲስክ ማጫወቻ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

«ማጫወቻው ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ብልሽት ሳይሆን አለመጣጣም ነው። ቴሌቪዥኑ የሌለው መሰኪያ፣ ማሽኑ የማያውቀው የፋይል ዓይነት፣ ለሌላ የዓለም ክፍል የተዘጋጀ ዲስክ ይሆናል። እንዲህ ያለው ችግር የሚፈታው ጠጋኝ ዘንድ ሳይሆን ገና ሲገዛ ነው። ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን አይቶ መግዛት እንዳለበትም በየቦታው ጨምረናል።

ምንም ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ዲስክ ሳያስገቡ ማጫወቻውን ያብሩና ቴሌቪዥኑን ይመልከቱ። የማጫወቻው አርማ ወይም ሜኑ ከታየ ገመዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ዲስኩ ወይም ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ ዘንድ ነው። አርማው ካልታየ ደግሞ ዲስክ ሲያጸዱ መዋል ከንቱ ድካም ነው።

መብራቱ በርቷል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም አይታይም

መጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭነው ገመዱ የተሰካበትን መግቢያ ይምረጡ። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ሰክቶ ኤችዲኤምአይ 2ን ከፍቶ መጠበቅ የተለመደ ነው።

መግቢያው ትክክል ሆኖ አሁንም ጨለማ ከሆነ፣ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ሪሞት ላይ የምትገኘውን «ቪ-ሞድ» የምትል ቁልፍ ይጠርጥሩ። ይህች ቁልፍ ምስሉ በየትኛው መሰኪያ እንደሚወጣ ትቀያይራለች፤ በቢጫው፣ በአረንጓዴ-ሰማያዊ-ቀዩ ወይም በኤችዲኤምአይ። ሳይታሰብ አንዴ ከተነካች ትናንት ሲሠራ የነበረ ማሽን ዛሬ የሞተ ይመስላል። መፍትሄው ዲስኩን አውጥቶ ቁልፏን አንዴ መጫን፣ 5 ሰከንድ ያህል መጠበቅ፣ ካልመጣ እንደገና መጫን ነው። ቶሎ ቶሎ ከተጫኑ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሳይዝ ትክክለኛውን ምርጫ አልፈውት ይሄዳሉ።

ሌላው ወጥመድ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ጫፉ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ያለው ተራ ገመድ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚያስተላልፈው ዲጂታል ሲግናል ነው፣ ቢጫው መሰኪያ የሚቀበለው አናሎግ። በመካከላቸው የሚቀይር ቺፕ ከሌለ ሽቦ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ስለዚህ ይህ ገመድ ለማጫወቻ አይሠራም። የሚያስፈልገው ከዩኤስቢ ወይም ከአዳፕተር ኃይል የሚወስድ «ኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» መቀየሪያ ሳጥን ነው። «ኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» የሚለው የተገላቢጦሹ ስለሆነ ሲገዙ ጽሑፉን በደንብ ያንብቡ።

ከዲቪዲ የበለጠ ጥራት ያለው ምስል የሚይዘው ዲስክ፣ ብሉሬይ ላይ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። ፊልሙ በኤችዲኤምአይ ሲወጣ ኤችዲሲፒ በሚባል ጥበቃ ተቆልፎ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ቴሌቪዥን ወይም መቀየሪያ ጥቁር ምስል ያሳያል። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የተሠሩ የብሉሬይ ማጫወቻዎች ደግሞ የተጠበቁ የብሉሬይ ፊልሞችን በአናሎግ መሰኪያ አያወጡም። ቴሌቪዥንዎ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ብሉሬይ አይግዙ፤ ነገሩ በቃ ይሄው ነው።

ምስሉ አለ፣ ቀለሙ ግን ጥቁርና ነጭ ወይም አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆኗል

ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚንከባለል ምስል ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት ሁለት የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች አለመግባባት ነው። ፓል 576 መስመር በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፣ ኤንቲኤስሲ 480 መስመር ወደ 30 ምስል። ከማጫወቻው ሜኑ «ቲቪ ታይፕ» የሚለውን ይክፈቱና ቴሌቪዥኑ የሚቀበለውን ይምረጡ። ሪሞቱ ላይ «ፒ/ኤን» የምትል ቁልፍ ካለች ሥራዋ ይኸው ነው። ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ «መልቲ» ወይም «አውቶ» ላይ ይተዉት።

አረንጓዴና ወይን ጠጅ ከሆነ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የምስል ገመዶች አንዱ ወልቋል ወይም ተለዋውጧል። ልብ ይበሉ፣ ቀይ መሰኪያ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ የምስል፣ ሌላው የድምፅ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ቢጫውና አረንጓዴው አንድ መሰኪያ ይጋራሉ።

ሰዎቹ ተለጥጠው ወይም ቀጥነው ከታዩ ጥገና አያሻም፤ ሜኑ ውስጥ የስክሪኑን ቅርጽ ከ4:3 ወደ 16:9 ይቀይሩ።

«ኖ ዲስክ» ይላል፣ ወይም «ሎዲንግ» ላይ ይቀራል

የጥገናው ዋና ጉዳይ ይህ ነው፤ ቸኩለው ሌንስ አይቀይሩ። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዲስክ አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ የሙዚቃ ሲዲ፣ ከፋብሪካ የወጣ ኦሪጅናል ዲቪዲ፣ እና በኮምፒውተር የተቃጠለ (የተቀዳ) ዲቪዲ። ውጤቱ ራሱ ምክንያቱን ይነግርዎታል።

ሲዲ ይጫወታል፣ ዲቪዲ ግን አያነብም ከሆነ የዲቪዲው ሌዘር ደክሟል ማለት ይቻላል። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ሌዘር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖሜትር ስለሆነ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ኦሪጅናሉ ተጫውቶ የተቃጠለው ብቻ ካልተነበበ ወይ ሌንሱ አቧራ ይዟል፣ ወይ ዲስኩ በደንብ አልተቃጠለም። የተቃጠለ ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው ከኦሪጅናሉ ባነሰ መጠን ነው፤ ደጋግሞ የሚጻፍበት «አርደብልዩ» ደግሞ ከሁሉም ያንሳል። የደከመ ሌንስ መጀመሪያ የሚሸነፈውም በእነዚህ ነው። ሦስቱም ካልተነበቡ ሌንሱ ቆሽሿል፣ ወይም ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር አልዞረም።

ዲስክ ሲያጸዱ ለስላሳ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ እንጂ ክብ እየዞሩ አይሹት። መረጃው የተጻፈው ክብ በሚዞር መስመር ላይ ስለሆነ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ረጅም መረጃ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፈውን አጭር ጭረት ግን ማሽኑ በስህተት ማረሚያው ይሸፍነዋል። ቀላል ጭረት ያለበትን ዲቪዲ በጥርስ ሳሙና ማሸት አንዳንዴ ይረዳል። ብሉሬይ ላይ ግን እንዳይሞክሩት፤ መረጃው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው። ሲዲ ላይ ደግሞ አደገኛው ጭረት በጽሑፉ በኩል ያለው ነው፣ መረጃው ከቀለሙ ሥር ስለሚገኝ። ጽሑፉ ተልጦ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲዲ አይድንም።

ሌንሱን ለማጽዳት ማጫወቻውን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የላዩን ክዳን ብሎኖች ይፍቱ። ሌንሱ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ የምታንጸባርቅ ጉብታ ናት። የጆሮ ጥጥ ጫፍን ከ90 ከመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በስሱ ያርጥቡና ሌንሷን ሳይጫኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዳብሷት። ሌንሷ የተንጠለጠለችው በቀጫጭን ሽቦዎች ስለሆነ ተጭኖ መፈተግ ያጣምማታል። ሽቶና ውሃ የቀላቀለ አልኮል እድፍ ይተዋል፣ አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ያጨልመዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑ ሲበራ ሌዘሩን በቀጥታ አይመልከቱ፤ የኃይል ክፍሉንም አይንኩ።

ጸድቶም ካልሠራ ሌንሱን ከነተሸካሚው መቀየር ይቻላል። በአሮጌው ላይ የታተመውን የሞዴል ቁጥር አይተው ያንኑ ይግዙ። አዲሱ ላይ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ለመከላከል ጠብታ ብየዳ ሊኖር ይችላል፤ ሪባን ገመዱ ከተሰካ በኋላ ብየዳው ካልተነሳ አዲሱም ሌንስ «ኖ ዲስክ» ማለቱን ይቀጥላል። በርካሽ ማጫወቻ ላይ ግን የሌንሱን ዋጋና የእጅ ሥራውን ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር ሳያወዳድሩ አይጀምሩት።

ፊልሙ በደንብ ጀምሮ መንገድ ላይ ይቆማል

ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ስለዚህ የቆመበት ሰዓት ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ሁልጊዜ መጨረሻ አካባቢ የሚቆራረጥ ከሆነ በዲስኩ ዳር ላይ የጣት አሻራ፣ ጭረት ወይም መጣመም ይፈልጉ። ዳሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለም ያወዛውዘዋል። 8.5 ጊጋባይት የሚይዙ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲዎች ደግሞ መሃል ላይ ለቅጽበት ቆም ይላሉ፤ ሌንሱ ወደ ሁለተኛው ንብርብር ሲዞር ነውና ይህ ጤነኛ ነው። ቆሞ ከቀረና ሌላም ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ እዚያው አካባቢ ካቆመ ግን ሌንሱን ያጽዱ።

ራስዎ ያቃጠሉት ዲስክ ከሆነ በ4 ወይም በ8 እጥፍ ፍጥነት እንደገና ያቃጥሉ፣ መጨረሻ ላይም «ፋይናላይዝ» መደረጉን (መዘጋቱን) ያረጋግጡ። ያልተዘጋ ዲስክ በኮምፒውተር ይከፈትና ማጫወቻው ላይ ባዶ ይመስላል።

«ሮንግ ሪጅን» የሚል ጽሑፍ

ዲቪዲ ዓለምን በ6 ክልሎች ይከፍላል። 1 አሜሪካና ካናዳ፣ 2 አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ፣ 3 ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ 4 ላቲን አሜሪካና አውስትራሊያ፣ 5 አብዛኛው አፍሪካ፣ ሩሲያና ሕንድ፣ 6 ቻይና ነው። ቁጥሩ ማጫወቻው ጀርባ ላይና ዲስኩ ሽፋን ላይ በትንሽ የምድር ሉል ሥዕል ውስጥ ይጻፋል። ገና ካልገዙ «ኦል» ወይም 0 የሚል ይምረጡ፤ ከተለያየ አገር የመጡ ፊልሞች ላለው ሰው ከማንኛውም ጌጥ ይበልጥ ይህ ይጠቅማል። ከገዙ በኋላ፣ አንዳንድ ሞዴሎች በሪሞት ቁጥር የሚከፈት ስውር ሜኑ አላቸው፤ ቁጥሩ ግን ለየሞዴሉ የተለየ ስለሆነ የሌላውን በእርስዎ ላይ አይገምቱ።

ብሉሬይ የራሱ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ክልሎች አሉት። የብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ሲያጫውት ደግሞ የዲቪዲው ክልል ቁጥር ለብቻው ይሠራል፤ በአንዱ ነጻ የሆነ በሌላው ላይሆን ይችላል።

ፍላሽ ይሰካል፣ ፊልሙ አይከፈትም

ፍላሹ ጭራሽ ካልታየ በፋት32 ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመው ይገልብጡ። ፋት32 አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ፍላሹ ታይቶ ፊልሙ «አንሰፖርትድ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች የሚያውቁት የድሮዎቹን የቪዲዮ ዓይነቶች፣ ኤምፔግና ኤክስቪድን ብቻ ነው፣ የዛሬ ፊልሞች የሚቀመጡበትን ኤች.264 አያውቁም። ስሙን ከኤምፒ4 ወደ ኤቪአይ መቀየር ምንም አይለውጥም፤ በኮምፒውተር ወደ ኤክስቪድ ኤቪአይ፣ በ720 በ576 ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን መቀየር አለበት። ድምፁን ኤምፒ3 ያድርጉት።

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

«ዲጂታል አውት» የሚለው ቅንብር «ቢትስትሪም» ወይም «ሮው» ላይ ከሆነ ወደ «ፒሲኤም» ይመልሱት። አንድ ፊልም ብቻ ዝም ካለ የድምፅ ዓይነቱ ዲቲኤስ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ርካሽ ማሽኖች ይህን አይፈቱም። ከዲስኩ ሜኑ ዶልቢውን ወይም ስቴሪዮውን ይምረጡ። ፍንዳታው ጆሮ ሲበሳ ንግግሩ ካልተሰማ ደግሞ «ዳውንሚክስ» የሚለውን ስቴሪዮ ያድርጉ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበው «ዲአርሲ» ወይም የሌሊት ሞድ ካለም ያብሩት።

መሳቢያው አይከፈትም ወይም ወጥቶ ይመለሳል

ሞተሩ ሲንሾካሾክ ይሰማል፣ መሳቢያው ግን አይንቀሳቀስም፤ የጎማ ቀበቶው ላልቷል። ሁለት መዘውሮችን የምታያይዘው ቀለበት ከመሳቢያው ሥር ከፊት ለፊት ትገኛለች። በአልኮል ማጽዳት ለጊዜው ያስይዛታል፤ ዘላቂው ግን በዲያሜትሯ ልክ ወይም በጥቂቱ የጠበበ አዲስ ማስገባት ነው። በጣም ጠባብ ከሆነ ሞተሩን ያንቀዋል።

ጭራሽ አይበራም፣ ወይም እየበራ ይጠፋል

ከጀርባው የተጻፈውን የቮልቴጅ መጠን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል በየትኛውም ይሠራል፣ 110 ወይም 120 ብቻ የሚለው በ220 ላይ ይቃጠላል። ቮልቴጁ ትክክል ከሆነ የኃይል ሰሌዳው ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችን (ኤሌክትሪክ የሚይዙ ክፍሎችን) ይፈልጉ። ሲቀየሩ የማይክሮፋራዱ መጠን ያው፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን፤ የፕላስና ማይነስ አቅጣጫውም አይገለባበጥ። ትልቁ ካፓሲተር በ220 ቮልት ሲሠራ 310 ቮልት ያህል ይይዛልና ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሥራ የማያውቅ ሰው ይህን ለጠጋኝ ይተው።

ሪሞቱ ብቻ ካልሠራ ባትሪ ይቀይሩ፤ ጫፉን ወደ ስልክ ካሜራ አዙረው ሲጫኑ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ደህና ነው።

አዲስ ብሉሬይ ፊልም እንቢ ይላል፣ የቆዩት ይጫወታሉ

አዳዲስ ዲስኮች አዲስ የቁልፍ መረጃ ይዘው ስለሚወጡ ማጫወቻው የሶፍትዌር ማሻሻያ ይፈልጋል። ከአምራቹ ለራሱ ለሞዴሉ የተዘጋጀውን ፋይል በፋት32 ፍላሽ ላይ ይጫኑ፤ ሲጭን መብራት ከጠፋበት ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ርካሽ ብሉሬይ ሲመርጡ ስሙን ከማየት ይልቅ ለሞዴሉ አሁንም ማሻሻያ እንዳለ ማጣራት ይሻላል።

ሲገዙ ሱቅ ውስጥ

ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ «1080ፒ» የሚል ጽሑፍ ተጨማሪ አያስከፍልዎ። ዲስኩ ላይ ያለው ምስል 720 በ576 ወይም 720 በ480 ነው፤ ማሽኑ ያሰፋዋል እንጂ ጥራት አይጨምርም፣ ቴሌቪዥንዎም ራሱ ያሰፋዋል። ኤችዲኤምአይ ያለው ቴሌቪዥን ካለዎትና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ዲቪዲንም የሚያነበውን ብሉሬይ ይውሰዱ።

ያገለገለ ከሆነ የራስዎን ዲስኮች ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ባለ ሁለት ንብርብር ኦሪጅናል፣ አንድ የተቃጠለ፣ አንድ በትንሹ የተጫረ። ኦሪጅናሉን ከፍተው ወዲያው ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ይዝለሉ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። ሌንሱ በፍጥነት ካላገኘው ወይም የመንገጭገጭ ድምፅ ከተሰማ ይተዉት። መሳቢያውን አምስት ስድስት ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ። ሪሞት የሌለውን ግን በነጻ ካልሆነ አይውሰዱ፤ የፓልና የኤንቲኤስሲ፣ የድምፅና የስክሪን ቅርጽ ቅንብሮች በሙሉ የሚገኙት በሪሞት በሚከፈት ሜኑ ውስጥ ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ጥቂት ቁልፎች ወደዚያ አያስገቡም።