ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሆን የምዝገባ ገጽ በፍላተር መሥራት፣ የሠሩትንም ማካፈል

ብዙ አፖች ላይ አማርኛ የሚገባው መጨረሻ ነው። እንግሊዝኛው አልቆ፣ ቁልፎቹ ተለክተው፣ የቀን መምረጫው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከተደረደረ በኋላ “እስቲ ቃላቱን ተርጉምልን” ይባላል። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ጽሑፉ ግማሹ የተቆረጠ ቁልፍ፣ የልደት ቀንን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ። እዚህ ከአማርኛው እንነሣለን። የምንሠራው አንድ የምዝገባ ገጽ ነው፤ መሣሪያችን ጎግል የመጀመሪያውን ሙሉ ስሪት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍላተር ነው። በአንድ ኮድ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ስለሚሠራ ለአነስተኛ ቡድን ይመቻል። ፍላተርን ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደጫናችሁ እቆጥራለሁ።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉንና ፎንቱን አስቀድሙ

ኮዱ ውስጥ አንድም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ አትጻፉ። ፍላተር ለዚህ ኤአርቢ የሚባል የፋይል ዓይነት አለው፤ ለየቋንቋው አንድ ፋይል ይኖራል፣ ኮዱ የሚጠራው የጽሑፉን መለያ ብቻ ነው። የፊደል ግድፈት ሲገኝ ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳ ከፍቶ ሊያርመው ይችላል። የፍላተርን የሎካላይዜሽን (አፑን ለየቋንቋው የማላመድ) ፓኬጅ ስታስገቡ እንደ “እሺ” ያሉ የተለመዱ የቁልፍ ጽሑፎች በአማርኛ ተዘጋጅተው ይመጣሉ።

ቀጥሎ ፎንት። ስልኩ በያዘው ፎንት ላይ አትመኩ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ ከአፑ ጋር አብራችሁ ላኩ፤ ነፃ ነው። መደበኛውንም ደማቁንም ውሰዱ። መደበኛው ብቻ ካለ ደማቁ ጽሑፍ የሚፈጠረው መደበኛውን በማወፈር ነው፤ እንደ “ጭ” ያሉት ፊደላት ውስጥ ያለው ጠባብ ክፍተት ይደፈናል። ለንባብ ጽሑፍ 16፣ ለመስመር ከፍታ 1.5 ጥሩ መነሻ ነው። ዘመም ያለ ጽሑፍ ግን ተዉት፤ የግዕዝ ፊደል በግድ ሲጋደም አያምርም።

ደረጃ 2፦ የሚለጠጥ ገጽ ሥሩ

ለቁልፍ ቋሚ ስፋት አትስጡ። “እንዲያስተካክሉልን” ያለ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሦስት አራት ቃል የሚይዘውን ስለሚሸከም መሃሉ ላይ ወደ ሌላ መስመር አይታጠፍም። ፍላተር በሙከራ ጊዜ ቦታ ያጣውን ክፍል በቢጫና ጥቁር ሰንበር ያሳያችኋል፤ ያንን ስታዩ ፊደሉን ከማሳነስ ሳጥኑ እንዲሰፋ አድርጉ። የቁልፉ ከፍታ ከ48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) አይነስ፤ የአንድሮይድ የዲዛይን መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከዚያ የስልኩን የፊደል መጠን እስከ መጨረሻው አሳድጋችሁ ገጹን እንደገና ተመልከቱ። እናቶቻችን ስልክ የሚይዙት እንደዚያ አድርገው ነው።

ደረጃ 3፦ ስምና ስልክ

ሦስት ሳጥን ይበቃል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የአያት ስምን ግዴታ አታድርጉት። ስልክ ላይ ደግሞ በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል አሮጌ ማጣሪያ ዛሬም ከኮድ ወደ ኮድ ይገለበጣል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምርም አለ። በ+251 ለሚጽፈውም ቦታ ስጡ፤ ሁሉንም ተቀብላችሁ ዳታቤዝ ውስጥ በአንድ ቅርጽ አስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ የልደት ቀን

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። መርሁ አጭር ነው፦ ለተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳዩ፣ ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጅ አስቀምጡ። መምረጫው 13 ወር ይኑረው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን 6 ትሆናለች፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር።

“7 ወይም 8 ዓመት ደምር” በሚል አቋራጭ አትሂዱ። ዓመቱን ዓ፣ ወሩን ወ፣ ቀኑን ቀ ብለን እንዲህ እናስላ፦

365 × (ዓ − 1) + (ዓ ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወ − 1) + ቀ − 1

በውጤቱ ላይ 1724221 ስትደምሩ የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚባለውን፣ ማለትም ቀናትን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ የሚቆጥረውን፣ ታገኛላችሁ። ከእሱ 2440588 ስትቀንሱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉት ቀናት ይወጣሉ፤ የቀረውን የፍላተር ቋንቋ ዳርት ራሱ ያሰላዋል። መፈተሻ፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 2454356 መስጠት አለበት፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ካልወደቀ የሆነ ቦታ አንድ ቀን ጎድሏችኋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቀኑን ከሰዓት ጋር ካስቀመጣችሁት፣ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት የተባለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ያለፈው ቀን ምሽት ስለሆነ ሰውየው ከተወለደበት አንድ ቀን ቀድሞ ይመዘገባል። የልደት ቀን ሰዓት የለውም፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብቻ አስቀምጡ። ቀጠሮ የሚይዝ አፕ ከሆነ ግን ሰዓት ግድ ነው፤ “3 ሰዓት” ብቻ ሳይሆን “ጠዋት 3 ሰዓት” ብላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ የተመዘገበው ሲፈለግ

“ኃይሉ” ብሎ የተመዘገበ ሰው “ሀይሉ” ተብሎ ሲፈለግ መገኘት አለበት። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፊደል የኮድ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፊደሎቻችን በተራ በተራ ስለተደረደሩ ማቅለያው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ከሐ ቤት የኮድ ቁጥሮች ላይ 16 ስትቀንሱ ሀ፣ በሠ ቤት ላይ 16 ስትደምሩ ሰ ይሆናሉ፤ ከኀ 128 ቀንሳችሁ ወደ ሀ፣ ከዐ 48 ቀንሳችሁ ወደ አ፣ ከፀ 8 ቀንሳችሁ ወደ ጸ አምጡ። ይህን ለሰባቱ ሆሄያት ብቻ አድርጉ፤ በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ለፍለጋ የቀለለውን ጽሑፍ በሌላ ዓምድ አኑሩት፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን እንዳለ ይቆይ። የሰው ስም አይታረምም።

ደረጃ 6፦ ለሌሎች አካፍሉ

አሁን በእጃችሁ ያለው ቀን መለወጫና ፊደል ማቅለያ አማርኛ የሚያስገባ ዴቨሎፐር ሁሉ የሚፈልገው ነው። አዲስ ፓኬጅ ከመክፈታችሁ በፊት ግን የዳርት ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ፓብ ዶት ዴቭ ፈትሹ፤ አቡሻኪርን የመሰሉ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ፓኬጆች እዚያ አሉ። ያለው ፓኬጅ ላይ አንድ ስህተት ማረም ብዙ ጊዜ አዲስ ከመፍጠር ይበልጣል፤ ስማችሁ ጎልቶ ባይታይም።

አዲስ ካስፈለገ ስሌቱንና መምረጫ ገጹን ለዩ፤ ስሌቱ ፍላተር በሌለበት ሰርቨር ላይም ይሠራል። ከላይ ያየናቸውን መፈተሻ ቀናት እንደ ቴስት አስገቡ። ማብራሪያውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ፤ ተገልብጦ ወዲያው የሚሠራ ምሳሌ ይኑረው። እንደ ኤምአይቲ ያለ ፈቃድም ጨምሩ፤ ፈቃድ የሌለውን ኮድ ጠንቃቃ ድርጅት አይነካውም። ቴሌግራም ላይ ጥያቄ ሲመጣ እዚያው መልሱ፣ መልሱን ግን ኮዱ በሚቀመጥበት ጊትሀብ ላይም አስፍሩት፤ ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ነገር በሳምንቱ ተቀብሮ ይገኛል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሳይለቅ የሚፈትሸውን የሙከራ ትእዛዝ (dart pub publish --dry-run) አስኬዱ፣ የሚስጥር ቁልፍ የያዘ ፋይል አብሮ አለመሄዱንም አረጋግጡ፤ ፓብ ዶት ዴቭ ላይ አንዴ የወጣ ነገር በተለመደው መንገድ አይሰረዝም። የስሪት ቁጥሩን በ0.1.0 ጀምሩ። የተበላሸ ስሪት ከወጣ እስከ 7 ቀን ድረስ ከአገልግሎት መልሳችሁ መሳብ ትችላላችሁ። ጊዜ አጥታችሁ መጠገን ካቆማችሁም ፓኬጁ ላይ “ተቋርጧል” የሚል ምልክት አድርጋችሁ የሚተካውን መጠቆም ይቻላል።