አዲስ አበባን ከስድስት ኪሎ ቁልቁል፦ ለሠዓሊ የሁለት ቀን የእግር ጉብኝት

በሁለት ቀን የአዲስ አበባን ሥነ ጥበብ በእግሩ ማየት የሚሻ ሠዓሊ መንገዱን ከላይ ወደ ታች ቢይዝ ይመረጣል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የደከመ እጅም መሥመሩን አያጠራም። ትንሽ የንድፍ ደብተር፣ ሁለት እርሳስና መታወቂያ ከያዙ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ከስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ይነሡ። ሐውልቱ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣሊያን የተጨፈጨፉትን የሚዘክር ሲሆን፣ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስታርፍበት የቅርጾቹ ጥላ ይጎላልና ለንድፍ ይመቻል። ቀጥሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይግቡ፤ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ ጣሊያኖች የፋሽስት አገዛዝን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ ከድል በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህን አንበሳ ይንደፉት፤ ነገ ይፈለጋል።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ባለው ሙዚየም ግን አይቸኩሉ። ከጥንታውያኑ ሥዕሎች ሦስቱን ብቻ መርጠው በእያንዳንዱ ፊት ግማሽ ሰዓት ይቁሙ። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውና ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሲታዩ፣ ኃጥአን ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ መሥመሩ ትርጉሙን እንዴት እንደሚሸከም የሚገባው እጅ ሲገለብጠው ነው፣ ፎቶግራፍም ይህን አይተካም። ከዚያ በኋላ እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የባለቅኔውን ሠዓሊ ዘመናዊ ሥራዎች ሲያዩ ልዩነቱ በጉልህ ይታያል። ቁልቁል ወርደው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርሱ፣ ድንቅነሽን ካዩ በኋላ የቀረውን ሰዓት ለሥዕሎቹ ይስጡ።

በሁለተኛው ቀን ፒያሳ ከሚገኘው ስምንት ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይጀምሩ፤ ጫማ አውልቀው ይግቡ፣ ለመንደፍም አስቀድመው ያስፈቅዱ። በቸርችል ጎዳና ወርደው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸውን የድንጋይ አንበሳ ያገኛሉ፤ ትናንት ከነደፉት ጎን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡት።

መጨረሻው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጉብኝት መኖሩን ቀደም ብለው ያረጋግጡ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ስለሚሰፋ መጀመሪያ ርቀው ቆመው ሙሉውን ይመልከቱ፣ ከዚያ ተጠግተው ብርሃኑ ያለፈባቸውን ቀለሞች በቃላት ብቻ ይመዝግቡ።