ኮሮናን ማን ቻለው? አገርን ከአገር ስናወዳድር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ የኮሮና ዘመን ከተነሳ ወሬው ከአቦል እስከ በረካ አያልቅም። አንዱ «ስዊድን ሳትዘጋ ተወጣችው» ይላል፤ ሌላው ኒውዚላንድን ያነሳል። መከራከሩ ባልከፋ፤ የሚበላሸው ማነጻጸሪያው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በምርመራ የተገኘውን ቁጥር የበሽታው ልክ አድርጎ መውሰድ ነው። ያልመረመረ በሽተኛ አያገኝም። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2021 መዝገቧን አስፈትሻ የሟቾቿን ቁጥር ከ69 ሺህ ገደማ ወደ 180 ሺህ ከፍ አደረገችው፤ ቀድሞ ያልተቆጠረው ተቆጠረ እንጂ ሰዉ በአንድ ጀንበር አላለቀም። ቤልጂየም በበኩሏ በአረጋውያን መጦሪያ ሳይመረመሩ የሞቱ ተጠርጣሪዎችን ጭምር ስለቆጠረች ከጎረቤቶቿ የባሰባት መስላ ከረመች። እኛም ጋ፣ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ማን መርምሮ ማን ይመዝግብ? የዚያን ሰሞን የወሎን ቁጥር አይቶ «በሽታው ጠፍቶ ነበር» የሚል ካለ እዚህ አልነበረም ማለት ነው።

የተሻለው መለኪያ በደህናው ዓመት ከሚሞተው በላይ ስንት ሰው ሞተ የሚለው ነው። በ2020 እና በ2021 አገሮች ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቁት ሞት 5.4 ሚሊዮን ሲሆን፣ ድርጅቱ በዚህ መንገድ ሲያሰላው ግን ወደ 14.9 ሚሊዮን ደረሰ። እሱም ቢሆን መዝገብ ይፈልጋል። በእኛ ገጠር ማን መቼ እንደሞተ ጠንቅቆ የሚያውቀው የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ ነው፤ የእሱን ዕውቀት ደግሞ ድርጅቱ ካለበት ጄኔቫ ድረስ የሚያደርስ የለም።

ሌላው፣ አዋጁን አይቶ ኑሮውን አለማየት ነው። ፔሩ ከኒውዚላንድ ቀድማ፣ መጋቢት 2020 አጋማሽ ላይ ቤት ዘጋች፤ ወታደርም አሰማራች። ያም ሆኖ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ሞት ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ገበያ መመላለስ ግድ ነበር፤ አብዛኛው ሠራተኛ ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ ነው፤ የድጎማ ብር ለመቀበል ደግሞ ባንክ ደጃፍ ተሰለፈ። ኒውዚላንድ አምስት ሚሊዮን ሰው ይዛ ባሕር መሐል ያለች ናት፤ ድንበሯን ዘጋች፣ ለሠራተኛው ደመወዝ ደጎመች። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ከቆላ ግመሉን እየነዳ የወጣው አፋርና ከደጋ እህሉን ጭኖ የወረደው ገበሬ ሰኞን ቢከለከሉ ሳምንቱን በምን ይዘልቁታል?

ዕድሜም ይረሳል፤ ይህ በሽታ አብዝቶ የሚገድለው አዛውንቱን ነው። የኢጣሊያ ሕዝብ ግማሹ ከ45 ዓመት በላይ ነው፤ የእኛ ግማሹ 20 እንኳ አልሞላውም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ነው ያተረፈን የሚሉኝን ጎረቤቴን ላስቀይማቸው አልፈልግም፣ ግን ይህንንም ይቁጠሩልኝ።

ጨዋታው ሳያልቅ ዋንጫ መስጠት ደግሞ አለ። ቬትናም 2020ን በ35 ሟቾች ብቻ ስትጨርስ ዓለም አጨበጨበላት። በ2021 ዴልታ የሚባለው ዝርያ ገባና ዓመቱ ሲያልቅ ሟቹ ከ30 ሺህ በለጠ። ስዊድን በተቃራኒው በ2020 ከኖርዌይና ከፊንላንድ እጅግ የበዛ ሰው ቀብራ፣ ከ2020 እስከ 2022 ያለው ሦስቱ ዓመት ተደምሮ ሲታይ ግን ትርፍ ሞቷ፣ ማለትም ከደህናው ዓመት በላይ የሞተባት፣ ከአውሮፓ ዝቅተኞቹ ተርታ ሆነ። ደግሞም ምንም አልከለከለችም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ከ50 ሰው በላይ መሰብሰብንና መጦሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅን አግዳ ነበር።

የእነሱን 2020 ከእኛ 2012 ጋር ማምታታትም አይጠፋም፤ ባለ አንድ ቢሊዮኑን አገር ከባለ አምስት ሚሊዮኑ ጋር በጥሬ ቁጥር ማወዳደርም እንዲሁ።

የደቡብ ኮሪያን ፍጥነት ለመሪዋ ብልሃት ብቻ የሚሰጡ ደግሞ 2015ን ይዘሉታል። ያኔ መርስ የሚባለው፣ የኮሮና ዘመድ የሆነው የሳንባ በሽታ ገብቶ 186 ሰው ይዞ 38 ገደለባት። ከዚያ ወዲያ ሕጓን አሻሽላ አዲስ መመርመሪያ በአስቸኳይ የሚጸድቅበትን መንገድ አበጀች። በ2020 ሰዎቿ መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሲመረመሩ ያየነው፣ አምስት ዓመት ቀድሞ የተጀመረ ሥራ ነበር።