«ፓፑዋን» የቤተሰብ ስም አይደለም፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

የቋንቋ ዝምድና አስተምራለሁ። ተማሪ ራቅ ብሎ ሄዶ የፓፑዋን ቋንቋዎችን ለጥናት ሲመርጥ ደስ ይለኛል። ዘንድሮም ግን መጀመሪያ ያነበብኩት ወረቀት «ፓፑዋን በኒው ጊኒ የሚነገር የቋንቋ ቤተሰብ ነው» ብሎ ጀመረ። አሁንስ በዛ፤ ልጻፈው አልኩ።

የቋንቋ ቤተሰብ ማለት ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱ ቋንቋዎች ናቸው፤ ፓፑዋን የሚባል ቤተሰብ ግን የለም! ስሙ የሚነግረን ቋንቋዎቹ ምን እንዳልሆኑ ብቻ ነው። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው የኒው ጊኒ ደሴትና በዙሪያዋ ከሚነገሩት መካከል ኦስትሮኔዥያንም (ማላይኛንና የፊሊፒንስን ቋንቋዎች የያዘው ትልቅ ቤተሰብ) የአውስትራሊያ ነባር ቋንቋም ያልሆነው ሁሉ እዚህ ስም ውስጥ ይገባል። 800 ገደማ ቋንቋዎች ማለት ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ሴማዊ ያልሆነውን ሁሉ፣ ኦሮምኛውን፣ ወላይትኛውን፣ ኑዌርኛውን ጠቅልሎ «አንድ ቤተሰብ ነው» ቢለን ዝም እንለዋለን? የቋንቋ ሊቁ ዊልያም ፎሊ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 60 ገደማ ቤተሰቦችን ቆጥሯል። ዘመድ ያልተገኘላቸውም አሉ። ኩኦት የምትባለው ቋንቋ ከኒው ጊኒ በስተምሥራቅ ባለችው የኒው አየርላንድ ደሴት ላይ ብቻዋን ቀርታለች፤ ጎረቤቶቿ በሙሉ ኦስትሮኔዥያን ናቸው። ትልቁ ቤተሰብ ትራንስ-ኒው ጊኒ ከ300 በላይ ቋንቋዎችን ያቅፋል፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1971 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ማለት ይቻላል ከአንዳማን ደሴቶችና ከታዝማኒያ ቋንቋዎች ጋር ደምሮ አንድ ሊያደርጋቸው ሞክሮ ነበር። የአፍሪካ ቋንቋዎችን ስንማር የምንጀምረው በእሱ ምደባ ነው፤ ይህኛውን ግን አብዛኛው ባለሙያ አልተቀበለውም። ስለዚህ «የፓፑዋን ሰዋስው» የሚል ርእስ ባየሁ ቁጥር ጠርዙ ላይ «የትኛው?» ብዬ እጽፋለሁ።

የአገር ድንበርን ተከትሎ መፈረጅም አለ፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚነገረው ሁሉ ፓፑዋን፣ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ ሌላ ይመስላቸዋል። በዋና ከተማዋ በፖርት ሞርስቢ አካባቢ የሚነገረው ሞቱ ኦስትሮኔዥያን ነው። እዚያው አገር በሰፊው የሚነገረው ቶክ ፒሲን አብዛኛው ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ክሪዮል (ከቋንቋዎች ቅልቅል ተወልዶ አፍ መፍቻ የሆነ ቋንቋ) ነው። በአንጻሩ የምሥራቅ ቲሞሩ ፋታሉኩና የኢንዶኔዥያው ቴርናቴ ፓፑዋን ከሚባሉት ናቸው።

ግስ መጨረሻ ላይ መጣ ብሎ ዝምድና መመስረት ደግሞ አማርኛ ተናጋሪን በተለይ ያታልላል። ብዙ የፓፑዋን ቋንቋዎች ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ድርጊቶችንም ሰንሰለት አድርገው ይቀጥላሉ፤ እኛ «ቤት ገብታ፣ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠራች» እንደምንለው። አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው ቀጣዩን ድርጊት የሚፈጽመው ያው ሰው ይሁን ሌላ ሰው በግሱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ እኔም አብሬ ደስ ይለኛል። ግን የአረፍተ ነገር አሠራር ከጎረቤት ይወሰዳል። ግዕዝ ግሱን ብዙ ጊዜ ያስቀድማል፤ አማርኛ መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ይህ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ከነበረው ረጅም ጉርብትና የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ያነሳነው ሞቱም ኦስትሮኔዥያን ሆኖ ሳለ ግሱን እንደ ፓፑዋን ጎረቤቶቹ መጨረሻ ላይ ያመጣል። በዚህ መስፈርት ብንሄድ አማርኛንም ሞቱንም ከእናታቸው ነጥለን ለጎረቤት መስጠታችን ነው።

ባዕድ መነሻን የቃሉ አካል አድርጎ መቁጠር፦ እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። በኢንዶኔዥያ አሎር ደሴት በሚነገረው አቡዪ በተባለ የፓፑዋን ቋንቋ «እጄ» ናታንግ ነው፤ «እጅህ» አታንግ፣ «እጁ» ሃታንግ። እጅ የሚለው ታንግ ብቻ ነው። የድሮ የቃል ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ግን ጠያቂው የጠቆመው የማን እጅ እንደሆነ ታይቶ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የሁለት ቋንቋዎችን የሰውነት ክፍል ስሞች አስተያይቼ በ«ና» የሚጀምሩትን ሁሉ «ይመሳሰላሉ» ብዬ ቆጠርኩ። አምስት ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት አንድ «የእኔ» ነው፤ አምስት ጊዜ የተደገመ። አስተማሪዬ ካሳየኝ በኋላ የሁለት ሳምንት ሥራዬን ጥዬ ከዜሮ ጀመርኩ። ዝርዝር ስትሰበስቡ ለሦስቱም መደብ ጠይቁ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ድምፁ ስለመሰለ ብቻ ዘመድ ነው ማለት። በአውስትራሊያው ምባባራም ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነው። እንግሊዝኛ አይደለም፤ «ጉዳጋ» የሚለው ጥንታዊ ቃል በሥርዓት እየተለወጠ እዚያ ደርሶ ነው። ለጥንታዊው ትራንስ-ኒው ጊኒ «እኔ» የሚለው «ና» እንደነበር አጥኚዎች ይገምታሉ። የእኛም «እኔ» ውስጥ «ን» አለ፤ ምንም ማለት አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ማልኮም ሮስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ተውላጠ ስሞችን ሲጠቀም እኔን፣ አንተን፣ እሱን እንደ ስብስብ አየ እንጂ አንዱን መዝዞ አላወጣም።

የድሮ ዝርዝር አጭርና ዝርክርክ ነው ብሎ መጣልም ስህተት ነው። በኢንዶኔዥያ ሱምባዋ ደሴት የታምቦራ እሳተ ገሞራ በሚያዝያ 1815 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ አንድ ቋንቋ ከነተናጋሪዎቹ ጠፋ። የቀረን ከዚያ በፊት የተጻፉ 50 የማይሞሉ ቃላት ናቸው። ዙሪያውን ካሉት ኦስትሮኔዥያን ቋንቋዎች የተለየ መሆኑ የታወቀው በእነሱ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር እጃችሁ ሲገባ የጸሐፊውን አጻጻፍ አታርሙ። ከነስህተቱ ገልብጡት፤ የእናንተን ንባብ በሌላ ዓምድ ጻፉ።