ላፕቶፕ ላይ ያለፈ ቴስት ቦርዱ ላይ ሲወድቅ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሱሉልታ ውስጥ ላለ አንድ የአትክልት ግሪንሃውስ መስኮቱን እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ መሣሪያ እየሠራን ነበር። ፕሮግራሙን ኮምፓይል የምናደርገው (ኮዱን ፕሮሰሰር ወደሚረዳው ፋይል የምንቀይረው) ላፕቶፕ ላይ ነው። የሚሠራው ግን ከላፕቶፑ የተለየ፣ አርም የሚባል ፕሮሰሰር ባለው ቦርድ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ ቴስቶቹ በሙሉ አለፉ። ቦርዱ ላይ መጀመሪያ ጭራሽ አልነሳ አለ፤ ሲነሳ ደግሞ ሦስቱ ወደቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ቦታው ፈለግን። እናንተ ሁለት ቀን እንዳታጠፉ ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት «ፋይሉ የለም» የሚለውን መልእክት እንዳለ ማመን ነው። ፕሮግራሙ ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያያችሁት ሊኑክስ የለም ይላችኋል። የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙን ሜሞሪ ላይ የሚያስገባው ሎደር ነው። 32 ቢት ፕሮግራም የ32 ቢት ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) በሌለው 64 ቢት ሲስተም ላይ ስትጭኑ ይህ ያጋጥማል። ሪድኤልፍ በሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ የትኛውን ሎደር እንደሚጠይቅ እዩ፤ ከዚያ ቦርዱ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። «ኤክሴክ ፎርማት ኤረር» ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለሌላ ፕሮሰሰር ኮምፓይል የተደረገ ፋይል ነው የጫናችሁት። የጂሊብሲ (አብዛኞቹ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ) ቨርዥን አልተገኘም ካለ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያለው ከቦርዱ አዲስ ነው ማለት ነው። ኮምፓይል ስታደርጉ የራሱን የቦርዱን ላይብረሪዎች ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ቴስቱ ምን እንደሚነካ ሳያዩ ዕቃ መጠርጠር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ሌሊት ላይ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምንሳሳለት ቴስት ከዜሮ በታች ያለውን የሚፈትሸው ነበር። -1 እንጠብቃለን፤ ቦርዱ 255 ይላል። ሴንሰር ቀየርን። ገመድ ቀየርን። ቴስቱ ግን ሴንሰሩን ጨርሶ አይነካውም፤ ቁጥሩን ራሱ ነው የሚያቀብለው። ችግሩ አንዲት ቃል ነበረች፦ ቻር፤ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፊደል ወይም ትንሽ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት ነው። የሲ ቋንቋ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር ይያዝ አይያዝ አልወሰነም። በኢንቴል ላፕቶፕ ሊኑክስ ላይ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ አርም ሊኑክስ ላይ ግን ከ0 እስከ 255 ነው። እስቲ አስቡት፤ ውርጭ እየወረደ መሣሪያው ሞቋል ብሎ መስኮቱን ይከፍት ነበር! ቲማቲሙ በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር። ለቁጥር ቻር ብላችሁ አትለፉ፤ ሳይንድ ቻር (ኔጌቲቭም የሚይዝ ቻር) ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ኮምፓይል የሚያደርገው ጂሲሲ የሚባለው ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይም ቻርን ያለ ኔጌቲቭ እንዲይዝ የሚያደርግ አማራጭ ስላለው በእሱ አንዴ ኮምፓይል አድርጋችሁ ብትፈትኑ፣ እንዲህ ያለው ስህተት ሱሉልታ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ይያዛል።

ሌላው ሰዓቱን መርሳት ነው። የእኛ ቦርድ የሰዓት ባትሪ የለውም። ሠፈራችን ደግሞ መብራት ሄደት መጣት ይላል። መብራት በመጣ ቁጥር ቦርዱ ራሱን ጃንዋሪ 1፣ 1970 ላይ ያገኘዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። ያኔ ከሰርቨር ጋር የሚገናኘው ቴስት ይወድቃል፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ማስረጃ) በቦርዱ ሰዓት ገና «አልጀመረማ»። እኛ ግን ኢንተርኔቱን ነበር የምንወቅሰው። ቴስት ከማስጀመራችሁ በፊት ዴት የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና ቀኑን እዩ። አምስት ሰከንድ ነው።

ሦስተኛው የወደቀው ቴስት ቀላል ነበር፤ የሙከራ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ብቻ ካለ ፎልደር ነበር የሚፈልገው።

ፕሮግራሙ ድንገት ሲሞት የሚተወውን የመጨረሻ ቁጥር (ኤግዚት ኮድ) ሳያዩ እንደገና ማስኬድም መጥፎ ልማድ ነው። 132 ካለ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶታል፤ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ከቦርዱ ለበለጠ ፕሮሰሰር ይሆናል። 139 ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነክቷል ማለት ነው። 137 ከሆነ ፕሮግራሙን ከውጭ የገደለው አለ፤ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ አልቆ ነው፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ፣ ማለትም የክስተት መዝገቡ፣ ይነግራችኋል።

ኪኢሙ (ላፕቶፕ ላይ ሌላ ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ አልፏል ብሎ መተኛትም አለ። እኔ ኪኢሙን እወደዋለሁ፤ የቻሩንም ጣጣ ያሳየን ነበር። ግን አንድን ፕሮግራም ብቻ በኪኢሙ ስታስኬዱ ከርነሉም ሜሞሪውም የላፕቶፓችሁ ነው። የቦርዱን ፍጥነት፣ የቦርዱን ድራይቨርና ሜሞሪ አያሳያችሁም።

አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ካጋጠማችሁ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የኃይል ገመዱን እዩ። ለምሳሌ ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ቦርድ ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ከርነል ሎጉ ውስጥ ይገኛል። ቀጭን የስልክ ቻርጀር ገመድ ለዚህ አይሆንም። በወፍራምና አጭር ገመድ ቀይሩትና ያንኑ ቴስት ሃያ ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱት።